ወንድሜ በሬዲዮ የተናገረ ቀን

ድራይ ፎርክ፣ ኦክላሆማ
ኦገስት 21 ቀን 1939

ውድ ወንድሜ ዶይል፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ይህችን «ደህና ነኝ» የምትለውን ቃል በየደብዳቤዬ ስጽፍልህ አራት ዓመት ሆነኝ፤ እውነት ሆና ከእጄ የወጣችው ግን ዛሬ ነው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሰማሁህ። ወዲያው ልጽፍልህ ወረቀት አውጥቼ ነበር፤ መልሼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ትናንትም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሞክሬ ከ«ውድ» አላለፍኩም። የምናዘዝልህ ነገር አለኝ። ቀድመህ እንደምታውቀው ቅዳሜ ከራስህ አንደበት ሰምቻለሁ፤ ቢሆንም በገዛ እጄ ጽፌ ካልሰጠሁህ እንደተናዘዝኩ አልቆጥረውም። ስለዚህ ታገሠኝ፤ ከሥሩ ልጀምር።

አንተ ስትወለድ ስምንት ዓመቴ ነበር። እማማ ስትሞት ደግሞ አንተ ገና አራት አልሞላህም። ያን ጊዜ ነው ቃል ጉሮሮህ ላይ እንደ ግትር በቅሎ መቆም የጀመረው። አባባ «ልጅ ነው፣ ይተወዋል» አለ። አልተወህም። እኔም ፊትህን እያየሁ የጀመርከውን መጨረስ ለመድኩ። «ው... ው...» ስትል ሮጬ ውሃ አመጣልህ ነበር። ውሃ ሳይሆን ውጭ ልትል እንደነበር የሚገባኝ፣ ብርጭቆውን ይዘህ በሩን በሩን ስታይ ነው። አሁን ሳስበው ስንት ውሃ ሳትጠማ ጠጣህ!

የገናውን ቴአትር ታስታውሰዋለህ፤ እኔም አልረሳሁትም። አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር። ከሦስቱ ጠቢባን አንዱ ሆነህ «ወርቅ አምጥቻለሁ» እንድትል ተሰጠህ። ሁለት ቃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳህን ሳጥብ፣ ልብስ ሳሰጣ አብሬህ ደገምኩት። መድረክ ላይ ወጥተህ የወርቁን ሳጥን እንደያዝክ «ወ... ወ... ወ...» ብለህ ቀረህ። ከኋላ ወንበር አንዱ ጎረምሳ «ኧረ ወርቁ እስኪመጣ ሕፃኑ ጥርስ ሊያወጣ ነው!» ብሎ ሲጮኽ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ትልልቆቹም ሳቁ፤ እኔ የማልረሳው እነሱን ነው። ሳጥኗን ወርውረህ ሮጥክ።

ከከብቶቹ በረት አገኘሁህ። ላሞቹ መሃል ቆመህ ትዘፍን ነበር። አንዲትም ቃል አልያዘህም። እንደ ውሃ ነበር የሚፈሰው። ወንድሜ ሲያወራ የሚይዘው፣ ሲዘፍን እንደሚለቀው ያን ዕለት አወቅሁ። አጥሩን ተደግፌ እንዲህ ብዬ ማልኩ፦ ይህ ልጅ ከእንግዲህ ሰው ፊት ቆሞ አይናገርም፤ መናገር ካስፈለገ እኔ አለሁ። የስህተቴ ሁሉ መነሻ ያ መሐላ ነው፤ መሐላው ግን ከፍቅር ነበር። ሁለቱንም እወቅልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። በአሥራ አራት ዓመትህ ከብት ነጂ ሆነህ ስትቀጠር፣ ሰዎቹ መንጋውን የሚያረጋጋ ድምፅ አገኘን ብለው ከምግብ አብሳዩ ቀጥለው አንተን ይወዱህ ጀመር። ኮርቻህን ሰጥተህ ከአንዱ ሽማግሌ ከብት ነጂ ጊታር ወሰድክ፤ አባባ ለአንድ ወር አኮረፈህ። እኔ ደግሞ በከተማችን ስልክ ቤት ተቀጠርኩ። ቀኑን ሙሉ ገመድ እየሰካሁ ሰውን ከሰው ማነጋገር፣ ለዚያ ሥራ ከኔ የተሻለ ሰው ከየት ይገኛል?

አሁን ወደ ዳላስ ልምጣ።

በ1931 ጁን ላይ ነው፤ የዘፈን ሸክላ የሚያሳትም ድርጅት ዘፋኝ ሊፈትን ዳላስ እንደመጣ ጋዜጣ ላይ አንብቤ፣ ከአለቃዬ ሦስት ቀን ፈቃድ ለምኜ ወሰድኩህ። ሃያ አንድ ዓመትህ ነበር። ፈተናው በሚካሄድበት ዕቃ መጋዘን ሦስተኛ ፎቅ ደጃፍ ላይ ሚስተር ላንግፎርድ የሚባለው ድምፅ ቀራጺ፣ ያ የሱሪ ማንጠልጠያውን እየሳበ በሸሚዙ ላይ የሚያጮኸው ሰውዬ፣ «ስምህ ማነው?» አለህ።

ከቃል ሁሉ የሚከብድህ የገዛ ስምህ ነው። «ዶ...» ስትል እኔ አፌን ከፈትኩ። አንተ ግን ዓይንህን ጨፍነህ ተነፈስክና «ሃል» አልክ።

«ሃል ማን?»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየህ። ሜሳ የሚሉት፣ ራሱ ጠፍጣፋ የሆነ ቀይ ተራራ ሥዕል ነበረበት። «ሃል ሜሳ።»

ደረጃው ላይ ይዤህ «ደግሞ ሃል የሚባል ሰው ከየት አመጣህ?» ብልህ፣ «ሃ-ሃል እኮ ትንፋሽ ብቻ ነው» አልከኝ። አገር ሁሉ የሚያውቀው የካውቦዩ ዘፋኝ ስም እንዲህ ተወለደ። ስንቱ «ከየትኛው የሜሳ ዘር ነው?» እያለ ሲጠይቀኝ ዘር ሐረግ ፈጥሬ ነግሬዋለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ያ ክፍል ትዝ ይለኛል። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ተቸንክሯል፤ የመንገድ ጫጫታ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቷል፤ ማራገቢያውም ያጉረመርማል ተብሎ ጠፍቷል። ምድጃ ውስጥ የገባን ነበር የመሰለኝ። እግርህ ወለሉን እንዳይመታ ቦትህን አስወልቀው ከሥርህ ትራስ አነጠፉልህ። ዜማው የሚቀረጸው በወፍራም የሰም ሰሌዳ ላይ ነው፤ ቀይዋ መብራት ስትበራ ሦስት ደቂቃ አለህ፤ ከተሳሳትክ ሰሌዳው ተጣለ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘፈኖች እያንዳንዳቸውን በአንድ ሙከራ ጨረስካቸው። ሚስተር ላንግፎርድ ማንጠልጠያውን ማጮኽ ረስቶ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሦስተኛው ግን «ወንዝ ማዶ የቀረው ፈረስ» ነበር። ያ ዘፈን መሃሉ ላይ ይቆምና፣ ፈረሱ በጎርፉ እንዴት እንደተወሰደ ዘፋኙ በንግግር ይተርካል። «ያ ቀን...» ለማለት «ያ... ያ...» ብለህ ቀረህ። ሰሙ ተጣለ። ደገምክ፤ ቀረህ። ተጣለ።

«አንተ ሰው!» አለ ሚስተር ላንግፎርድ። «ሰም እንደ በቆሎ የሚበቅል መሰለህ? ሁለት ሰሌዳ ነው የቀረኝ፤ እነሱም በሙቀቱ እየለሰለሱ ነው!»

ላብህ ከአገጭህ እየተንጠባጠበ «ት-ትንሽ...» አልክ። ትንሽ ቆይልኝ ልትል ነበር። አላስጨረስኩህም። ተነስቼ ከጎንህ ቆምኩና «ንግግሩን እኔ እናገርለታለሁ» አልኩ። ቀይዋ መብራት በራች፤ አንተ ዘፈንክ፤ መሃሉ ላይ እኔ ተናገርኩ፤ አንተ ጨረስክ። ሸክላው ወጣ። ካውቦይ ሲዘፍን ቆይቶ ድንገት የሴት ድምፅ ስለ ፈረሱ ሞት ይተርካል፤ ሰው ይህን እንግዳ ነገር ወደደው። ያን ቀን ካስቀረጽካቸው አራት ዘፈኖች ሁሉ ተለይቶ የተሸጠው እሱ ሆነ። ዝናህ የተነሳው ከእሱ ነው ይላሉ።

ግን ዶይል፣ ከመቀመጫዬ ስነሳ ፊትህን አይቼው ነበር። የምስጋና ፊት አልነበረም። ውሃ ሳይጠማው ብርጭቆ የተሰጠው ልጅ ፊት ነበር። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። በባቡር ስንመለስ የበቆሎ ዳቦና ቀዝቃዛ ባቄላ እየበላን ስለ ሌላ ስለ ሌላ ነገር አወራሁ። ሁልጊዜም የማወራው እኔ ነኝና ዝምታህን ማን ልብ ይለዋል?

ከዚያ የዊቺታ ፎልስ ሬዲዮ ጠራህ። ሁለት ዓመት አብሬህ ሠራሁ፤ አንተ ትዘፍናለህ፣ እኔ «አሁን ደግሞ ሃል ሜሳ...» እላለሁ። አባባ ሲታመም እኔ ወደ ድራይ ፎርክና ወደ ስልክ ቤቴ ተመለስኩ፤ ላንተም የሚናገርልህ ዌንዴልን ቀጠሩልህ። ደግ ሰው ነው፤ ግን እሱም የኔን ቦታ ነው የወሰደው። አድማጭህ ሁሉ ሃል ሜሳ ዝምተኛ ካውቦይ ነው፣ የወንድ ወንድ እንዲህ ነው እያለ ሲያደንቅህ እኔ በሆዴ «ኤዲያ!» እል ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ደረስኩ።

በ1935 ኦገስት፣ አባባን ልትጠይቅ የመጣህ ሰሞን፣ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ። ደዋዩ ሚስተር ፌንዊክ ይባላል፤ ከካሊፎርኒያ፣ ከፊልም ሠሪዎች ነው፤ የሚደውለው ከአልተስ ከተማ፣ ካረፈበት ሆቴል ነው። አንተን ፍለጋ ሦስት ግዛት አቋርጦ እንደመጣ ነገረኝ።

«ሚስ ፕሩት፣ ወንድምሽ ፈረስ ይቀመጣል?»

«ከመራመዱ በፊት ነው የተቀመጠው።»

«መልኩስ?»

«የአባቱ ነው፤ አይከፋም።»

ሳቀ። ከዚያ «ሲናገርስ ድምፁ እንዴት ነው?» አለኝ።

ዶይል፣ ያን ጊዜ የገናው አዳራሽ መጣብኝ። አዳራሹ ግን አገር አክሎ መጣ። በየከተማው ሲኒማ ቤት፣ በየወንበሩ፣ «ኧረ ወርቁ!» የሚል ጎረምሳ ታየኝ። «ወንድሜ ፊልም አይፈልግም» አልኩት።

«ከራሱ ብሰማው ደስ ይለኛል።»

«ስለ እሱ የምናገረው እኔ ነኝ» ብዬ ገመዱን ነቀልኩ።

ላንተ ፈርቼ ነው ብል ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ካሊፎርኒያ ብትሄድ ያለኔ ትናገራለህ ብዬም ፈርቻለሁ። ከዚያ እኔ ምን እሆናለሁ? የሰው ገመድ ሰክታ የምትነቅል ሴት። ይኸው፣ ወጣልኝ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የመኪናህን ጎማ ልታስነፋ ነዳጅ ማደያው ሄደህ፣ ጥጃ የሚያህል ሐብሐብ ተሸክመህ እያፏጨህ መጣህ። «ምን ተገኘ?» ብልህ «ሞ-ሞቀኝ» አልክ። አባባ አልጋው ላይ ተደግፎ ፍሬውን በመስኮት እየተፋ ሲስቅ ያየሁት ለመጨረሻ ጊዜ ነው። እናንተ ስትስቁ እኔ አንዱን ቁራጭ መዋጥ አቃተኝ። «የሸጥኩት ወንድሜ እንዲህ ደስ ብሎት» እያልኩ።

ከዚያማ ፍዳዬን አየሁ። በዓመቱ ያ ነጭ ባርኔጣ ያጠለቀ ሌላ ዘፋኝ በፊልም መጣ፤ ሥዕሉ ከስልክ ቤቱ ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሰዉም ሲያልፍ «ኦሌታ፣ ምነው ሆሊውድ የኛን ዶይል ረሳው? ይሄ እኮ ሲዘፍን አፍንጫው ውስጥ ዝንብ የገባበት ነው የሚመስለው!» ይለኛል። እኔም እስቃለሁ። አንተ በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ በየከብት ገበያው ስትዘፍን፣ መኪናህ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ በቅሎ ሲስብህ ስሰማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው እል ነበር። ስንቴ ልነግርህ አፌን ከፍቼ «እ... እንቁላል ልጥበስልህ?» ብያለሁ!

ቅዳሜ እንግዲህ፣ እንደ ወትሮዬ ስልክ ቤት ውስጥ ሬዲዮኗን ከስልክ ማገናኛ ሰሌዳው አጠገብ ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ኤሞስ ቴትልም ነበር። ኤሞስን አታውቀውም፤ በነፋስ የሚሠሩትን የውሃ መሳቢያዎች የሚጠግን፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፤ መለዋወጫ ካዘዘበት ዕቃ ቤት ስልክ እየጠበቀ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሏል። የመክፈቻ ዜማህ አለቀ። የዌንዴልን ድምፅ ስጠብቅ ያንተ ትንፋሽ መጣ።

«ደ-ደህና ዋላችሁ። እኔ ዶ...»

ከዚያ ዝም።

የግድግዳውን ሰዓት ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ቀጭ አለ። እጄ የሬዲዮኗን ጎን ጨምድዶ ይዟል። አፌ ስምህን ሊጨርስ ተከፍቶ ከንፈሬን ነከስኩት። ኤሞስ ብድግ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለቀብር እንደሚቆም ሰው።

«ዶይል ፕሩት ነኝ» አልክ። «ሃል ሜሳ የምትሉኝ። ዌንዴልን ጆሮ ደግፍ ይዞታል፤ አንገቱ የጥ-ጥጃ አንገት አክሏል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው እኔ ነኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የተሰጠን፤ ስ-ስሜን ስናገር ሁለቱ አልቀዋል።»

ከኋላህ ያሉት ሙዚቀኞች ሲፈነዱ ተሰማኝ። ኤሞስም ሳቀ። የገናው ሳቅ አልነበረም፤ አብሮህ የሚስቅ ሳቅ ነበር። ልዩነቱን ጆሮዬ ወዲያው ለየው። እኔ ግን ለመሳቅ ገና ነበርኩ።

ከዚያ ያን ሁሉ ተረክ። የዳላሱን ሙቀት፣ ትራሱን፣ ሰሙን። «እ-እህቴ ተነስታ ተናገረችልኝ። ትንሽ ቢቆዩኝ ኖሮ ቃሉ እየመጣ ነበር። አልወቅሳትም፤ መቆየት ያቃተው ሰሙ ነው» ስትል ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ሸፍኜ እያለሁ ነው ስለ ፊልሙ ሰውዬ የጀመርከው።

እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ፤ ቃል በቃል ይዤዋለሁና። «ነዳጅ ማደያው ጋ አገኘኝ። 'እህትህ ትናንት በስልክ እንቢ ብላኛለች፤ ከራስህ ልስማ ብዬ ነው' አለኝ። መልስ ስጀምርለት አንደበቴን ሰማና 'ግዴለም፣ ፊልሙ ላይ ጓደኛህ የሚሆን ሰው ይናገርልሃል፤ አንተ ዝፈን ብቻ' አለኝ። 'እ-እሱማ ቤቴም አለ' አልኩት። 'አልፈልግም' ለማለት አራት ጎማ እስኪነፋ ፈጀብኝ። ግን አልኩት። በራሴ አፍ ያልኩት የመጀመሪያው እንቢታ ነው። ደስ ብሎኝ ሐብሐብ ገዛሁ።»

ዶይል! አራት ዓመት ሙሉ ያ ሐብሐብ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አንተ የገዛኸው ግን ደስ ብሎህ ኖሯል!

እኔ ስትናገር ይስቁብሃል ብዬ ፈራሁ፤ አንተ ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይናገርልህ ብለህ እንቢ አልክ። ይህ እንደ መርፌ ወጋኝ፤ አልዋሽህም። ግን መርፌው የገባው እባጩ ላይ ነው። ወዲያው ቀለለኝ።

ቀጥለህም «ኦሌታ፣ የምትሰሚኝ ከሆነ፣ እስክትነግሪኝ አ-አራት ዓመት ጠበቅሁ። እኔስ በአንድ ቃል ላይ ብዙ ብቆይ አሥር ሰከንድ ነው፤ ከኔ የባስሽ ተብታባ አንቺ ነሽ» አልክ።

ያን ጊዜ ሳቅሁ። ስስቅ አለቀስኩ፤ ሳለቅስ ሳቅሁ። ኤሞስ መሐረቡን ሰጠኝ፤ ቅባት ቅባት ይሸታል። አንተ «ወንዝ ማዶ የቀረው ፈረስ»ን ዘፈንክ፤ መሃሉ ላይ ስትደርስ ጊታሩን አቁመህ ንግግሩን ራስህ ተናገርክ። «ያ... ያ... ያ ቀን» አልክና ቀጠልክ። ፈረሱን እኮ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ እኔ ሸክላው ላይ ያነበብኩት እንደ መርዶ ነበር፣ አንተ ግን እያየኸው ነበር የተናገርከው። ቃሉ ሲይዝህ ወንዙ የያዘህ መሰለኝ። ሰዓቱ አልፎብህ የከብት ዋጋ ዜና ስድስት ደቂቃ ዘገየ፤ በድራይ ፎርክ የከብት ዋጋ ሲዘገይ ሰው ያልተቆጣበት ቀን እሱ ብቻ ነው።

ገና ሙዚቃው ሳያልቅ ሰሌዳው በሙሉ መደወል ጀመረ። መጀመሪያ ሚሲስ ክራም ናት፤ መቼም መስመር ላይ ተጣብቃ የሰው ወሬ የምታዳምጠዋን አትረሳትም።

«ኦሌታ! ወንድምሽ እኮ ተናገረ!»

«ሰማሁት፣ ሚሲስ ክራም።»

«ያን የካሊፎርኒያ ሰውዬ አንቺ ነሽ ያባረርሽው ማለት ነው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ ያን ቀን መስመሩ ላይ ነበርኩ! አራት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው ጨጓራዬን ጨረሰው! አሁን መናገር ይቻላል አይደል?»

«ይቻላል፣ ለፈለግሽው ተናገሪ» አልኳት። እፎይ ብላ ስልኩን ዘጋች። ይኸው ከኔ ጋር ሌላም ሰው አሳረፍክ።

ከሰሜን በኩል ያለው ያ ቁጡ ከብት አርቢም ደወለ፤ ስሙን እንዳልጽፍ ነግሮኛል። ድምፁ ተሰባብሮ ነበር። «ሚስ ፕሩት፣ ትንሿ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እሷም ቃል ይይዛታል። ሬዲዮው አጠገብ ቆማ አፏን ከፍታ ስታዳምጥ ቆየችና 'እ-እሱም?' አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው እሷን ብቻ ነው» አለኝ። ጻፍላት ዶይል፤ አድራሻውን ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ምን ብለህ እንደምትጽፍላት ግን እኔ አልነግርህም።

ሃያ ሰባት ጥሪ አገናኘሁ። ሲበርድልኝ ዞር ብል ኤሞስ አሁንም ቆሟል። የሚጠብቀው ስልክ በጥሪው መሃል መጥቶ፣ ሰውዬው ሰልችቶት ዘግቷል።

«ይቅርታ ኤሞስ፣ ዕቃ ቤቱ...»

«ዕቃ ቤቱ ይደርሳል» አለ፤ ባርኔጣውን እያዞረ። «በኤፕሪል የጠየቅሁሽ ነገር ነበር። መልሱ መስመር ላይ ነው ወይስ ተቋርጧል?»

ላንተ አልጻፍኩልህም፤ በኤፕሪል እንድንጋባ ጠይቆኝ ነበር። እኔም «ወንድሜ አንድ ነገር ላይ እስኪደርስ» ብዬ አቆይቼዋለሁ። የኔን ኑሮ ባንተ ላይ አንጠልጥዬ እንደነበር አየህ? ደግ ሰው ነው ዶይል። ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ከውሃ መሳቢያው ማማ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለት ጊዜ ተነስቷል።

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። በእማማ አጥንት እምልልሃለሁ፣ ያዘኝ። ቀኑን ሙሉ ሰውን ከሰው የማነጋግር ሴት «እ... እ...» ብዬ ቀረሁ። ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ስለ ራሴ የተጠየቅሁት የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ኤሞስ ጠበቀ። አልጨረሰልኝም። ዓይኑን እንኳ ከፊቴ አላነሳም፤ ባርኔጣውን ብቻ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር አዞረው።

«እሺ» አልኩት።

«እሺ» አለ እሱም፤ ባርኔጣውን አግዳሚው ላይ ትቶ ወጣ፣ መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ሊወስደው ተመልሶ መጣ።

ሠርጉ ሴፕቴምበር 17 ነው፤ እሑድ፣ ከጸሎት በኋላ። የቅዳሜውን የሬዲዮ ሰዓትህን እንዳይነካ ብዬ ነው። አባባ የለም፤ ስለዚህ ክንዴን ይዘኸኝ የምትገባው አንተ ነህ። ፓስተሩ «ይህችን ሴት ለጋብቻ የሚሰጣት ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ። «እኔ» ካልክ በቂ ነው። ሙሉውን፣ «እኔ፣ ወንድሟ ዶይል ፕሩት» ማለት ከፈለግህም በል። ለፓስተሩ ነግሬያቸዋለሁ፣ ለኤሞስም፣ ለሚሲስ ክራምም ነግሬያታለሁ፤ ስለዚህ ለአገሩ ሁሉ ተነግሯል። የፈለገውን ያህል ይቆይ። በሴፕቴምበር እሑድ የሚያስቸኩለን ምንም ሥራ የለንም፤ እኔም ከጎንህ አፌን ዘግቼ እቆማለሁ።

ጤናህን ጠብቅ። ዌንዴልን እግዜር ይማርህ በልልኝ፤ ግን ቶሎ እንዳይሻለው።

አክባሪህና ወዳጅህ፣
እህትህ ኦሌታ